ካርዲፍን ከጅማ ሆኖ ማጥናት፦ የወደብ ከተማን ታሪክ ከጭነቱ ተነሥቶ ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ባሕርን በዐይናቸው ያዩ ነዋሪዎቿም ጥቂት የሆኑ ከተማ ናት። ስለዚህ በከተማችን የታሪክ ክበብ ለሚመራ መምህር የአንድ የዌልስ ወደብ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። እኔ ግን ይህንኑ ታሪክ ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ ካጠናሁ በኋላ የደረስሁበት ሐሳብ፣ ቡና ሲጫንና ሲራገፍ እያየ ያደገ የጅማ ልጅ ካርዲፍን ለመረዳት ከብዙ የባሕር ዳር ልጆች የተሻለ ዝግጅት አለው የሚል ነው። ወደብ የኋላ አገሩ አፍ ነውና፣ ጥናቱ መነሣት ያለበት ከአፉ ሳይሆን ጭነቱ ከሚወጣበት ተራራ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ የተዘጋጀው ለክበብ መሪዎችና ለመምህራን ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚገናኝ ክበብ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ይበቃዋል።

ከግንቡ አለመጀመር

ካርዲፍ የዌልስ ዋና ከተማ ስትሆን የምትገኘው በአገሪቱ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የታፍ ወንዝ ወደ ብሪስቶል ሰርጥ በሚገባበት ስፍራ ነው። በመካከሏ ትልቅ ግንብ ስላለ የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት በፈተናው ወደቅሁ። ሮማውያን በአንደኛው ምእተ ዓመት በስፍራው ምሽግ እንደ ሠሩ፣ ኖርማኖች ከሺህ ዓመት በኋላ በዚያው ፍርስራሽ ላይ ግንብ እንዳቆሙ፣ የኖርማንዲው መስፍን ሮበርት በገዛ ወንድሙ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1134 በዚያው እንደ ሞተ፣ የዌልሱ አርበኛ ኦዌን ግሊንዱር እ.ኤ.አ. በ1404 ከተማይቱን እንዳቃጠለ በቅደም ተከተል ስዘረዝር ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ግማሹ ክበብ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም። ያ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1801 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በካርዲፍ የተገኙት ሰዎች 1,870 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1901 በተካሄደው ቆጠራ ግን ቁጥራቸው ከ164,000 በላይ ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያው ስብሰባ ሥራ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ በ100 ዓመት ውስጥ ከ80 እጥፍ በላይ እንድታድግ ያደረጋት ምን ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎቹን መጠየቅ ነው። መልሱን አይስጧቸው። የሚሰጡትን ግምት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረው ያስቀምጡትና በመጨረሻው ሳምንት ያውጡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሁለት ካርታዎች፣ አንድ የዘመን መስመርና ጥቂት የኩሽና ዕቃ ይበቃሉ። ከካርታዎቹ አንዱ የግድ አሮጌ መሆን አለበት፤ ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በአንድ ወቅት ከስልኬ የወሰድሁትን የዛሬ የሳተላይት ምስል አሳትሜ በግድግዳ ላይ ሰቀልሁና ስለ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት ማስረዳት ጀመርሁ። አንዲት ተማሪ ምስሉን ቀረብ ብላ ካየች በኋላ «መምህር፣ ይሄ እኮ ሐይቅ ነው» አለችኝ። ትክክል ነበረች። የዛሬው የካርዲፍ ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ1999 በተጠናቀቀ ግድብ የተዘጋ፣ 200 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ጨው አልባ ውኃ የያዘ ሐይቅ ስለሆነ፣ የዛሬውን ምስል ብቻ ይዞ የድሮውን ወደብ ማስረዳት አይቻልም። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ ላይ የእንግሊዝንና የዌልስን የ19ኛው ምእተ ዓመት ካርታዎች ያለ ክፍያ ያሳያል፤ የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም እስከ እ.ኤ.አ. 1919 ድረስ የታተሙ ጋዜጦችን እንዲሁ በነጻ አቅርቧል። ካርታዎቹ ብዙ ዳታ ስለሚበሉ በሌሊት ጥቅል አውርዶ ማስቀመጥ ይመከራል።

የዘመን መስመሩ ሁለት ረድፍ ይኑረው፤ ላይኛው የካርዲፍ፣ ታችኛው የኢትዮጵያ። በዚህ ጊዜ የዘመን አቆጣጠሩን መጠንቀቅ ያሻል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የአውሮፓውያኑ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ከእነርሱ ዓመት ላይ 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ለምሳሌ ካርዲፍ የከተማ ማዕረግ ያገኘችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1905 ስለሆነ በእኛ ጥቅምት 18 ቀን 1898 ዓ.ም. ይሆናል። ካፒቴን ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ለመጓዝ በቴራ ኖቫ መርከብ ከካርዲፍ የተነሣው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1910 ነውና በእኛ ሰኔ 8 ቀን 1902 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎች ቀመሩን በእነዚህ ሁለት ቀኖች ከተለማመዱ ሌላው ቀላል ይሆንላቸዋል። ሁለቱ ረድፎች ሲሞሉ የሚገጣጠሙት ዓመታት ራሳቸው ወሬ ያወራሉ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት እ.ኤ.አ. በ1855 የካርዲፍ ሁለተኛው ትልቅ ዶክ (መርከብ የሚጫንበት ሰው ሠራሽ የውኃ ገንዳ) ተከፈተ፤ ዐፄ ምኒልክ ዘውድ በጫኑበት በ1889 የተፎካካሪዋ የባሪ ወደብ ሥራ ጀመረ፤ ምኒልክ ባረፉበት በ1913 የከሰሉ ንግድ ጣሪያው ላይ ደረሰ። መገጣጠሙ ምክንያትና ውጤት እንዳልሆነ ግን መናገርዎን አይርሱ።

ባሕሩን በሳፋ ማሳየት

ባሕር ላላየ ተማሪ ዋናው እንቅፋት የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። በብሪስቶል ሰርጥ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ሞልቶ ሁለት ጊዜ ያህል ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በካርዲፍ በኩል እስከ 12 ሜትር ስለሚደርስ ከዓለም ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ይህ ማለት ጠዋት መርከብ የሚንሳፈፍበት ስፍራ ከሰዓታት በኋላ ጭቃ ሆኖ ይታያል፤ ልዩነቱም ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያህላል። ከባድ ጭነት የያዘ መርከብ በጭቃ ላይ ሲቀመጥ ወገቡ ሊሰበር ይችላልና፣ የካርዲፍ ወደብ የመጀመሪያ ችግር የውኃ እጦት ሳይሆን የውኃው ዐመል ነበር።

ይህን ለማሳየት አንድ ሰፊ ሳፋ፣ አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ፣ ምስማርና ቁራጭ ጨርቅ ያዘጋጁ። ጣሳውን ከሥሩ አጠገብ በምስማር ይብሱት፤ ውስጡ ድንጋይ አድርገው በሳፋው መሐል ያቁሙት። ከዚያም ሳፋው ውስጥ ውኃ ቀስ እያደረጉ ያፍስሱ፤ የጣሳው አፍ ግን ከውኃው በላይ ይቅር። ውኃው በቀዳዳው እየገባ በጣሳውም ውስጥ እኩል ከፍ ይላል። አንዱን ቆርኪ በጣሳው ውስጥ፣ ሌላውን ከጣሳው ውጭ ባለው ውኃ ላይ በቀስታ ያንሳፍፉ። አሁን ቀዳዳውን በጨርቁ ጥብቅ አድርገው ይድፈኑና የሳፋውን ውኃ በጣሳ ሳይሆን በኩባያ እየቀዱ ያውጡት። የውጭው ቆርኪ ወርዶ ወርዶ ከሳፋው ወለል ላይ ተቀምጦ ሲቀር የውስጡ እንደ ተንሳፈፈ ይቆያል። ዶክ ማለት ይህ ጣሳ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ የውኃ በሩ። መርከቦች ባሕሩ ሲሞላ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ባሕሩ ቢጎድልም በሰላም ተንሳፍፈው ይጫናሉ።

ማሳያው እንዳለቀ የመጀመሪያውን ትልቅ ዶክ ያስተዋውቁ። የቢዩት ምዕራባዊ ዶክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1839 ሲሆን ርዝመቱ 1,200 ሜትር ያህል ነበር። ተማሪዎቹ በከተማው ውስጥ 1,200 ሜትር በእግራቸው ቢለኩ ሰው ሠራሹ ገንዳ ምን ያህል እንደ ነበረ እግራቸው ይነግራቸዋል።

ወደ ተራራው መውጣት

የጥናቱ እምብርት ይህ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢወስድም አይቸኩሉ። ከካርዲፍ በስተሰሜን ተራሮችና ጠባብ ሸለቆዎች አሉ፤ በመጀመሪያ ሀብታቸው ብረት፣ ቀጥሎም ድንጋይ ከሰል ነበር። በ18ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በመርተር ቲድቪል ከተማ ትልልቅ የብረት ማቅለጫዎች ተቋቁመው ነበር፤ ብረቱን ግን በመጥፎ መንገድ በጋሪና በጋማ ከብት ወደ ባሕሩ ማውረድ ምርቱን ያህል ይፈትን ነበር። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1794 የተከፈተው የግላሞርጋንሻየር ቦይ ነው። ቦዩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከጅማ እስከ አጋሮ ያለውን መንገድ ሊያህል ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ከተራራው ወደ ባሕሩ ለመውረድ በ50 ያህል የውኃ በሮች እንደ ደረጃ እየተከፋፈለ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ በር ተማሪዎቹ በሳፋው ያዩት ጣሳ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ ያሠሩ። በቦዩ ላይ አንድ ፈረስ የሚጎትተው ጀልባ እስከ 24 ቶን ይጭን ነበር። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነውና ይህ ከ1,400 ፈረሱላ በላይ ነው። አንዲት በቅሎ ስድስት ፈረሱላ ትጭናለች ብንል የአንዱን ጀልባ ጭነት ለማንሣት ከ230 የማያንሱ በቅሎዎች ያስፈልጉ ነበር። ልጆቹ ይህን ቁጥር ሲያገኙ የሚያሳዩት ፊት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል፤ የአያቶቻቸው ቡና ከጅማ አዲስ አበባ በበቅሎ ይጓዝ እንደ ነበር ሰምተዋልና።

ቦዩም ብዙ ሳይቆይ ጠበበ። በመሐንዲሱ በኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ንድፍ የተሠራው የታፍ ሸለቆ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1841 መርተርን ከካርዲፍ አገናኘ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጭነት ከብረት ወደ ከሰል ዞረ። የአበርዴርና የሮንዳ ሸለቆዎች ከሰል ብዙ ሙቀትና ጥቂት ጭስ የሚሰጥ ስለ ነበር ለእንፋሎት መርከብ ተመራጭ ሆነ፤ የብሪታንያ ባሕር ኃይልም ይህንኑ ይመርጥ ነበር። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ የዌልስ ከሰል በፖርት ሰይድና በዓደን ለሚያልፉ መርከቦች ይከማች ጀመር። ተማሪዎቹ በካርታው ላይ ከካርዲፍ እስከ ዓደን መስመር ሲያሰምሩ፣ የእኛ ቡና ከጅቡቲ የሚወጣበት ባሕር ከዚያው መስመር አጠገብ መሆኑን ያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1913 ከካርዲፍ የተጫነው ከሰል ከ10 ሚሊዮን ቶን አለፈ። ይህን ቁጥር ብቻውን አይተዉት። በዚያው ዓመት ጥቅምት 14 ቀን፣ ከካርዲፍ በስተሰሜን ባለችው ሴንጌኒዝ መንደር የማዕድን ጉድጓድ ፈንድቶ 439 ማዕድን ቆፋሪዎች አለቁ። ሁለቱ ቁጥሮች በዘመን መስመሩ ላይ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይጻፉ።

ኬላው የማን ነው?

የዶኮቹ ባለቤት ሁለተኛው የቢዩት ማርኩዊስ (ማርኩዊስ የብሪታንያ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ነበር፤ ግንቡም፣ የከተማይቱ ብዙ መሬትም፣ በሸለቆዎቹ ውስጥ ከሰል ያለበት ሰፊ ርስትም የእርሱ ነበር። ምዕራባዊውን ዶክ በገዛ ገንዘቡ ካሠራ በኋላ ከሚገባና ከሚወጣ ጭነት ክፍያ ይሰበስብ ጀመር። ለጅማ ተማሪ ይህን ለማስረዳት ኬላ ማለት ብቻ ይበቃል፤ በአባ ጅፋር ዘመን ወደ ሒርማታ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ በኬላው ቀረጥ ይከፍል እንደ ነበር ያውቃሉና። ልዩነቱ የአባ ጅፋር ኬላ የንጉሥ፣ የካርዲፉ ግን የአንድ ባለርስት ቤተሰብ መሆኑ ላይ ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ክርክር ማካሄድ ይቻላል፤ እኔ ስሞክረው ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ አልቆጨኝም።

ክፍያውና መጨናነቁ ያማረራቸው የከሰል ባለቤቶች በዴቪድ ዴቪስ መሪነት ከካርዲፍ በስተምዕራብ በባሪ የራሳቸውን ዶክና የባቡር መስመር ሠሩ። ባሪ እ.ኤ.አ. በ1889 ተከፍታ፣ በ1913 በከሰል ጭነት ካርዲፍን በልጣ ተገኘች። በካርዲፍ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የከሰል ምርት ገበያ ሕንፃ ተገነባ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በጅማ መጋዘን ስላለው ይህን ተቋም ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሰብሳቢ፣ አቅራቢ፣ ላኪ የሚሉትን የቡና ንግድ ቃላት ይጻፉና በካርዲፍ በኩል የማን የማን ቦታ እንደሆነ ተማሪዎቹ ያዛምዱ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የመጀመሪያው የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ቼክ ተፈርሟል ይባላል። ልጆች ይህን ወሬ ይወዱታል፤ ሲጽፉት ግን «ይባላል» የምትለውን ቃል እንዳይዘሉ ያስጠንቅቋቸው።

ግንቡን አሁን ማምጣት ይቻላል። ልጁ ሦስተኛው ማርኩዊስ ከሕንፃ ንድፍ ባለሙያው ከዊልያም በርጀስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ ቅብና በሥዕል ያስጌጠው ግንብ፣ ከከሰሉ በኋላ ሲታይ የተለየ ትርጉም ይይዛል።

እሳት ቆስቋሾቹ

ከሰል የሚጭን ወደብ መርከበኛ ይስባል። በዶኮቹ አጠገብ በቢዩትታውን፣ በተለምዶ ታይገር ቤይ በሚባለው ሰፈር፣ ኖርዌያውያን፣ የኬፕ ቨርዴ ሰዎች፣ የመናውያንና ሶማሌዎች ሠፈሩ። የብሪታንያ ሶማሊላንድ ልጆች በዓደን በኩል እየተቀጠሩ በመርከቡ የምድጃ ክፍል ውስጥ ከሰል በአካፋ እያቀበሉ እሳት ይቆሰቁሱ ነበር። የጎረቤታችን ሕዝብ ታሪክ ስለሆነ ለዚህ ክፍል ሙሉ ስብሰባ እንዲመደብለት እመክራለሁ።

ታሪኩን አያጣፍጡት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ሲጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1919 በጥቁሮችና በዐረቦች ሰፈር ላይ በተነሣ ሁከት ሦስት ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ ደንብ ደግሞ የብሪታንያ ተገዢ መሆናቸውን በወረቀት ማስረዳት ያልቻሉ ጥቁር መርከበኞችን እንደ ውጭ አገር ሰው በፖሊስ እንዲመዘገቡ አስገደደ፤ ለግዛቱ ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች በአንድ ቀን ባይተዋር ሆኑ። መሐሙድ ማታን የተባለ ሶማሌ መርከበኛ አንዲት የሱቅ ባለቤት ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1952 በካርዲፍ እስር ቤት ተሰቀለ። ፍርዱ ስሕተት መሆኑ ታውቆ የተሻረው በ1998 ነው። ተማሪዎቹ ዓመቱን ከዓመቱ ራሳቸው ይቀንሱ፤ እርስዎ ዝም ይበሉ።

ጭነቱ ሲቀር

መርከቦች ወደ ነዳጅ ዘይት ሲዞሩ የዌልስ ከሰል ደንበኛውን እያጣ ሄደ። ካርዲፍ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1955 የዌልስ ዋና ከተማ ተብላ ስትሰየም ወደቧ እየሞተ ነበር፤ የመጨረሻው የከሰል ጭነት የወጣው በ1964 ሲሆን ምዕራባዊው ዶክም በዚያው ዓመት ተዘጋ። በዶኮቹ አጠገብ የነበረው የብረት ፋብሪካ በ1978 ቆመ። ከ1987 ጀምሮ አካባቢውን መልሶ ለማልማት የተቋቋመ ድርጅት ባሕረ ሰላጤውን በግድብ ዘጋው፤ የዌልስ ፓርላማ ሕንፃም በዳርቻው ላይ በ2006 ተከፈተ። የማዕረግና የሕንፃ ታሪክ በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ ለዚህ ከግማሽ ክፍለ ጊዜ በላይ አይስጡ።

ለመጨረሻው ስብሰባ ሳፋውን መልሰው ያምጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጣሳውን ትተው የሳፋውን አንድ ጥግ ከዳር እስከ ዳር በጭቃ ይገድቡ፤ የካርዲፍ የዛሬ ሐይቅ ይህ ነው። ከዚያም አሮጌውን ካርታና የሳተላይቱን ምስል አጠገብ ለአጠገብ ሰቅለው፣ በመጀመሪያው ሳምንት የጻፉትን የግምት ወረቀት ለባለቤቶቹ ይመልሱና የጠፋውን እንዲፈልጉ ያሰማሯቸው። በ1855 የተከፈተው ምሥራቃዊው ዶክ እስካሁን ውኃ ስለሆነ ቶሎ ያገኙታል። ምዕራባዊው ተሞልቶ ሕንፃና መንገድ ሆኗል። በአሮጌው ካርታ ላይ ከምዕራባዊው ዶክ ደቡባዊ ጫፍ እንቁላል የመሰለ የውኃ ገንዳ አለ፤ መርከቦች ሲገቡ መጀመሪያ የሚያልፉት በእርሱ ነበር። በአዲሱ ምስል ላይ ያው የእንቁላል ቅርጽ ሰው የሚሰበሰብበት አደባባይ ሆኖ ይታያል፤ ባለፈው ዓመት ቅርጹን ቀድሞ ያገኘው ልጅ በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ ዞረው።